የመስተዋት ባሕርና አረሙ

የባሕር ዓሣ በመስተዋት ገንዳ የሚያኖር ሰው ውሎ አድሮ ከዓሦቹ ይልቅ አብዝቶ የሚያስበው ስለ አንድ ሌላ ፍጥረት ነው። ይኸውም በትምህርት መጻሕፍታችን ዋቅላሚ፥ በባዕድ አጠራር አልጌ የሚባለው፥ ያለ ሥር የሚበቅል፥ ያለ አበባ የሚራባ፥ ብርሃንና ውሃ ባገኘበት ሁሉ የሚነሣ የውሃ ልምላሜ ነው። ለእኛም እንግዳ አይደለም። በቢሾፍቱ አካባቢ ያለውን አረንጓዴ ሐይቅ ያየ ሰው ውሃው በምን እንደ ተቀባ ሳይጠይቅ አይመለስም፤ ቀለሙ ከዋቅላሚ ወገን ሲቆጠር የኖረው፥ ፍላሚንጎ የሚባሉት ወፎች የሚመገቡት ስፒሩሊና ነው። ቀይ ባሕርም ስሙን ያገኘው አልፎ አልፎ ውሃውን ከሚያቀላው እንዲህ ካለው ደቂቅ ፍጥረት ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ጀርመናዊው ተመራማሪ ኤረንበርግ በ1823 በሲና ዳርቻ በቶር ወደብ የቀላውን ባሕር በዓይኑ ተመልክቶ፥ በ1830 ለፍጥረቱ ትሪኮደስሚየም የሚል ስም አወጣለት። (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እኔ ከጉዳዩ ጋር የተዋወቅሁት በጅቡቲ ነው። ለመንግሥት ሥራ ወደዚያ በተላክሁ በሁለተኛው ዓመት፥ በዕድሜም በሥራም የሚቀድመኝ አንድ ባልደረባዬ ወደ አዲስ አበባ በመዛወሩ፥ አንድ ሜትር ከሃያ ርዝመት ያለውንና 240 ሊትር ውሃ የሚይዘውን ገንዳውን ከነነፍሱ አስረከበኝ። ከነነፍሱ ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በገንዳው ውስጥ በሁለት ነጭ መቀነት የታጠቁ፥ ቀለማቸው ወደ ብርቱካን የሚያደላ ሁለት ዓሦች ነበሩ፤ የቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ተወላጆች ናቸው። ማደሪያቸው አኔሞን የሚባለው የባሕር አበባ ነው፤ አበባ ይባል እንጂ እንስሳ ነው። እርሱን ባልደረባዬ ዘጠኝ ዓመት አኑሮታል። ከዚህ ሌላ አንድ ለስላሳ ኮራል፥ ዐሥራ አራት ቀንድ አውጣዎች፥ በአንድ ጥግ ደግሞ ላባ የመሰለ አረንጓዴ ሣር ነበረ። ባልደረባዬ ቁልፉንና የመመገቢያውን ማንኪያ ሲሰጠኝ «እንግዲህ ወንድሜ፥ አደራ» ብቻ ብሎኝ ሄደ። አደራ የተባለ ነገር በእኛ ዘንድ ምን ያህል እንደሚከብድ ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም። የሰባት ዓመት ልጄም ከዚያች ቀን ጀምሮ በየማለዳው ቀንድ አውጣዎቹን መቁጠር ሥራው አደረገ።

ስለ አረሙ ከመናገሬ በፊት ስለ ጨዉ ጥቂት ማለት ይገባል፤ ምክንያቱም የብዙው ችግር መነሻ ከዚያ ላይ ነውና። ከጅቡቲ ከተማ በስተምዕራብ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የተኛው የአሳል ሐይቅ ለዚህ ታላቅ መምህር ነው። ውሃው ከጉቤት የባሕር ሰርጥ በእሳተ ገሞራው ድንጋይ ሥር እየሰረገ ይገባል፤ መውጫ ግን የለውም። ፀሐይ ውሃውን ታነሣለች፥ ጨዉን ትታው ትሄዳለች፤ እንዲህ ሲሆን ኖሮ የሐይቁ ጨው ከባሕሩ ወደ ዐሥር እጥፍ ደርሷል፤ የአፋር ነጋዴዎችም በግመል ሲጭኑት ኖረዋል። በሳሎን ያለችው ገንዳም ትንሽ አሳል ናት። በዚያ ሙቀት በየቀኑ ሁለት ሦስት ሊትር ይተንናል፥ ጨዉ ግን በቦታው ይቀራል። ስለዚህ የጎደለው የሚሞላው በባሕር ውሃ ሳይሆን በጨው አልባ ውሃ ነው። ይህን ጊዜ ሰው ወደ ቧንቧው ይሄዳል። የቧንቧ ውሃ ደግሞ ለሰው የማይጎዳ፥ ለአረም ግን ድግስ የሚሆን ሲሊካና ናይትሬት፥ አንዳንድ ጊዜም ፎስፌት ይዞ ሊመጣ ይችላል። ጨዉ እንደ ተተወ ሁሉ እነዚህም ይተዋሉ፤ ቀን በቀን ይጠራቀማሉ። ስለዚህ የተጣራ ውሃ በጀሪካን እየገዛሁ መሙላትን መረጥሁ፤ ለአንድ ደመወዝተኛ ቀላል ወጪ ባይሆንም።

አሁን ወደ አረሙ እንምጣ። አንድ ገበሬ ማሳው ውስጥ የበቀለውን ሁሉ አረም ብሎ በአንድ ስም አይጠራውም። እንክርዳዱን ከሙጃ፥ ሙጃውን ከአቀንጭራ ይለያል፤ ለእያንዳንዱም መላው ልዩ ነው። ገንዳ ያለው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቡናማ ወይም አረንጓዴ ነገር ባየ ቁጥር «አልጌ ያዘው» ይልና ወደ መድኃኒት ሻጭ ይሮጣል። ሻጩም ጠርሙስ ከመሸጥ አይቦዝንም። እኔ በዚህ ነገር ጥቂት ግትር ነኝ፤ የማላውቀውን ነገር በማላውቀው መድኃኒት መምታት አልወድም።

አዲስ በተቋቋመ ገንዳ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አሸዋውንና መስተዋቱን እንደ ቡና አተላ ዱቄት የሚሸፍነው ቡናማ ነገር ዲያቶም ይባላል። ገላው የተሠራው ከሲሊካ ነው፥ ማለት መስተዋት ከሚሠራበት ነገር። በጣት ሲነኩት ብን ብሎ ይነሣል። ሲሊካው ሲያልቅ እርሱም በራሱ ጊዜ ይጠፋል፤ ቀንድ አውጣዎችም ይበሉታል። ስለ እርሱ ከዚህ የበለጠ መጨነቅ ጊዜ ማባከን ነው።

ሁለተኛው በቀይና በወይን ጠጅ መካከል ያለ ቀለም ያለው፥ እንደ ቆዳ ሆኖ አሸዋውን የሚለብስ ልባጭ ነው። ቆዳው ሲነሣ እንደ ስስ እንጀራ በአንድነት ተልጦ ይመጣል፤ ከሥሩ የታሰሩ የአየር አረፋዎች ይታያሉ፥ ሽታውም አይወደድም። ይህ ሳያኖባክቴሪያ የሚባለው ነው። በእርግጡ አልጌ ሳይሆን ባክቴሪያ ነው፤ ከላይ ያነሣሁት የኤረንበርግ ፍጥረትም የሐይቁ ስፒሩሊናም የእርሱ ዘመዶች ናቸው። ውሃው በማይነቃነቅበት ጥግ፥ የምግብ ትራፊ በተኛበት ስፍራ ይነግሣል። መላው በጎማ እየሳቡ ማውጣት፥ ፓምፑን ወደዚያ ጥግ ማዞር፥ ምግብ መቀነስ ነው። ለባክቴሪያ የሚሰጥ የሰው መድኃኒት የሚጨምሩበት አሉ። ይሠራል፤ ነገር ግን የዓሣውን ሽንት ወደማይጎዳ ነገር የሚለውጡትን ደጋግ ባክቴሪያዎችም ሊነካ ይችላልና እኔ አልመክርም።

ፀጉር የመሰለው አረንጓዴ ደግሞ ሁሉም የሚያውቀው ነው። ድንጋዩን እንደ በግ ለምድ ያለብሰዋል። እዚህ ላይ ወረንጦና ትዕግሥት ካለው ሰው የሚበልጥ መሣሪያ የለም። ድንጋዩን አውጥቶ በባልዲ ውስጥ በገንዳው ውሃ በጥርስ ቡርሽ መፋቅ፥ ከዚያም ፎስፌቱን ከምንጩ መቀነስ ነው፤ ፎስፌቱም የሚመጣው በዋነኛው ከምንበትነው ምግብ ነው። የባሕር ጃርትም ሌሊት ሌሊት እየዞረ ይግጠዋል። ከዚሁ ፀጉር ጋር የሚምታታ፥ ቀርበው ሲያዩት ግን ቅርንጫፉ እንደ ወፍ ላባ በሁለት ወገን የተሰደረ አንድ ሌላ አለ፤ ብርዮፕሲስ ይባላል። እርሱን ብዙ እንስሳት አይበሉትም፥ በምግብ መቀነስም በቀላሉ አይበገርም። ሁለቱን ሳይለዩ ወር ሙሉ ዓሣ ማስራብ የስንፍና ሥራ ነው።

አንድ ዓሣ አጥማጅ ለፀጉሩ መድኃኒት ይሆንሃል ብለው ዓረቦች ሳፊ የሚሉትን ሣር በል ዓሣ በሕይወቱ ሊሸጡልኝ አምጥተው ነበር። ዓሣው በእርግጥ ታላቅ ግጦሽ አዋቂ ነው። የስዊዝ ቦይ በ1869 ከተከፈተ በኋላ ከቀይ ባሕር ወደ ሜዲትራንያን ተሻግረው ከገቡት ዓሦች መካከል ሁለቱ የእርሱ ወገኖች ናቸው፤ በምሥራቁ ሜዲትራንያን ድንጋዩን ከአልጌው ራቁቱን እስኪያስቀሩት ድረስ ግጠውታል። ነገር ግን 240 ሊትር ለእርሱ ጠባብ እስር ቤት ነው፤ እሾሁም መርዝ አለው። አመስግኜ መለስሁላቸው፤ ሐጂም «እንግዲያው ጠብሰህ ብላው» ብለውኝ ሄዱ።

አረንጓዴ ዕንቁ የመሰለውን ቫሎንያን ግን ከመንቀል በፊት ጥቂት ቆሞ ማየት ደግ ነው። ያቺ የምታበራ ኳስ፥ አንዳንዴ የጣት ጫፍ ታህል፥ አንዳንዴም ከዚያ የምትበልጥ፥ ሙሉዋ አንዲት ሕዋስ ናት። የእኛን ሰውነት ለመሥራት ስፍር ቁጥር የሌለው ሕዋስ ሲያስፈልግ፥ እርስዋ በአንዱ ብቻ ኳስ ሆና ትቀመጣለች። ሳትፈነዳ በቀስታ ከሥርዋ ማላቀቅ ይሻላል። እንደዚሁም ድንጋይ ላይ እንደ ቀለም የሚለጠፈውን ሐምራዊውን ልባጥ ጠላት መስሎት የሚፍቅ ሰው አይቻለሁ፤ እርሱም አልጌ ነው፥ ግን የኖራ ቅርፊት እየሠራ ድንጋዩን የሚያያይዝ የባሕር ግንበኛ ነውና ሊነካ አይገባም። ኮራሉ ራሱ በሥጋው ውስጥ ደቂቅ አልጌዎችን አስጠግቶ፥ እነርሱ ከብርሃን በሚያበስሉት ምግብ ይኖራል። ባሕሩ ከልክ በላይ ሲሞቅ፥ በ1998ና በ2016 በዓለም ዙሪያ እንደ ታየው፥ እነዚህን እንግዶቹን አስወጥቶ ይነጣል፤ ቶሎ ካልተመለሱለትም ይሞታል። እንግዲህ ጎጂ አልጌ የሚለው ስም የፍጥረቱ ሳይሆን የቦታውና የልኩ ስም መሆኑን ማስተዋል ይገባል።

በእኔ ገንዳ የተነሣው ግን ከእነዚህ አንዱም አልነበረም። ገንዳውን ከተረከብሁ በሦስተኛው ሳምንት በአሸዋው ላይ ቡናማ ነገር ታየ። ዲያቶም ነው ብለው የነገሩኝ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት አሸዋው ንጹሕ ይመስላል፤ መብራቱ በርቶ ሁለት ሦስት ሰዓት ሲቆይ ግን ቡናማው ይመለሳል፥ እስከ ማታም እንደ ንፍጥ እየተሳበ፥ በየጫፉ አረፋ አንጠልጥሎ ከኮራሉ ላይ ይወርዳል። ልጄም አንድ ቀን ቆጥሮ «አባባ፥ ዐሥራ አንድ ናቸው» አለኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ሰባት ሆኑ። ከዚያም ሦስት ቀሩ። የሞቱት ቀንድ አውጣዎች ቡናማውን ነገር የበሉት ናቸው።

ከተማው ውስጥ የዓሣ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ምክሩን ሳይቈጥብ ሰጠኝ፤ ውሃውን በሰፊው ለውጥ፥ ዓሦቹን በሦስት ቀን አንድ ጊዜ አብላ፥ ፎስፌት የሚመጠውን ዱቄት እጥፍ አድርግ የሚል ነው። ምክሩ ለአረንጓዴው ፀጉር ቢሆን ደግ ነበር። እኔ ግን የውሃውን ልክ በጠብታ መመርመሪያ ስለካው ናይትሬቱም ፎስፌቱም ዜሮ ነበር፤ በመስተዋቱ ቱቦ ውስጥ ያለው ውሃ ቀለሙን አልለወጠም። ባልደረባዬ ገንዳውን ንጹሕ አድርጎ ለማስረከብ ከልብ በማሰብ ከመሄዱ በፊት ምግቡን አሳንሶ፥ መጣጩንም ዱቄት አብዝቶ ነበር። የሚበላ ነገር በሌለበት ውሃ የሚፋፋ አረም ምን ዓይነት ነው? ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ነሣኝ።

ለመለየት የሚረዳ አንድ ቀላል ፈተና አለ፤ መሣሪያው የቡና ማጣሪያ ወረቀትና ሁለት ብርጭቆ ብቻ ነው። ከንፍጡ ጥቂት በገንዳው ውሃ ውስጥ ጨምሮ ክዳን ባለው ብርጭቆ እስኪበተን ድረስ በኃይል መነቅነቅ፥ ከዚያም በወረቀቱ ማጥለል፥ የጠለለውን ውሃ በብርሃን አጠገብ አንድ ሰዓት ያህል ማቆየት ነው። ዲያቶም ወይም ሳያኖባክቴሪያ ከሆነ ውሃው እንደ ጠለለ ይቆያል። በውሃው ውስጥ የሚዋኝ ነፍስ ያለው እንደ ሆነ ግን በወረቀቱ ቀዳዳ አልፎ የሄደው ሁሉ እንደ ገና ተጠራርቶ ክር ይሠራል። የእኔ ተጠራራ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ በጠራው ውሃ መካከል ቡናማ ክር ተንጠልጥሎ አየሁት፤ በውነቱ ደስ የሚያሰኝም የሚያስፈራም እይታ ነበር።

የሳይንስ መምህር የሆኑ አንድ የአገራችን ሰው ማይክሮስኮፕ ስላላቸው ጠብታውን ይዤ ወደ ቤታቸው ሄድሁ። በአራት መቶ እጥፍ አጉልተን ስናየው፥ አንድ ወገኑ ሹል የሆነ የሰሊጥ ፍሬ የመሰለ ነገር፥ በሹሉ በኩል በማይታይ ገመድ እንደ ታሰረ ሆኖ፥ በቦታው ይሽከረከር ነበር። መምህሩ ዝም ብለው ብዙ ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ «ይህ ተክል ነው እንስሳ?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው የዋዛ አይደለም፤ ዲኖፍላጀሌት የሚባለው ወገን ከሁለቱም ጠባይ አለውና። የእኛው ኦስትሬኦፕሲስ የሚባለው ነበር። መርዛም በመሆኑ የታወቀ ነው። በ2005 በጣልያን አገር በጄኖቫ ዳርቻ ብዛት ኖሮት በተነሣ ጊዜ ከባሕሩ የተነሣውን አየር የተነፈሱ ሁለት መቶ ያህል ሰዎች ታመው ሐኪም ፈልገዋል። ቀንድ አውጣዎቹን የገደለው ምን እንደ ሆነ በዚያ ሰዓት ገባኝ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ልጄ እጁን በገንዳው ውስጥ እንዳያስገባ ተከለከለ፥ እኔም ያለ ጓንት አልሠራሁም።

እዚህ ላይ የገበሬው ዕውቀት ረዳኝ። አቀንጭራ የሚባለው አረም በማሽላ ሥር ተጣብቆ ምጥጥ የሚያደርገው ይልቁን በተሟጠጠ መሬት ላይ ነው። ፍግ ያገኘ፥ የለማ መሬት አቀንጭራን ይቋቋማል። ኦስትሬኦፕሲስም እንደዚሁ ነው። በውሃው ውስጥ ናይትሬትና ፎስፌት ሲጠፋ ከእርሱ ጋር የሚሻሙት ተራ ዋቅላሚዎችና ባክቴሪያዎች ይራባሉ፤ እርሱ ግን የተገኘውን ሁሉ፥ አንዳንድ ጊዜም ባክቴሪያዎቹን ራሳቸውን እየበላ፥ ባዶውን ማሳ ይይዛል። እንግዲህ መድኃኒቱ ማስራብ ሳይሆን ማብላት ነበር። ይህን ለባለቤቴ ስነግራት «አረሙን ልታደልበው ነው?» አለችኝ፤ መልስ መስጠት ቀላል አልነበረም። ስሌቴ ቢሳሳት የሚሞተው የሰው አደራ ነውና።

መጣጩን ዱቄት አወጣሁ። ውሃ መለወጥን አቆምሁ፤ አዲስ የባሕር ውሃ ለዚህ ፍጥረት አዲስ ቅመም ያመጣለታልና። ዓሦቹን በቀን ሁለት ጊዜ የተከተፈ ሽሪምፕ አበላኋቸው፤ በዚህ የተደሰቱ እነርሱ ብቻ ነበሩ። ከዚያም መብራቱን አጥፍቼ ገንዳውን በጥቁር ብርድ ልብስ ሦስት ቀን ሸፈንሁት። ኦስትሬኦፕሲስ ሲጨልም ከአሸዋው ተነሥቶ በውሃው ውስጥ ይበተናል፤ ይህን ጠባዩን በማወቅ የፓምፑን ውሃ ሌሊት በስስ ጨርቅ ከረጢት እንዲያልፍ አደረግሁ፥ ጠዋትም ከረጢቱን በፈላ ውሃ አጠብሁ። ብርድ ልብሱ በተነሣ ቀን አሸዋው ነጭ ነበር፤ አኔሞኑ ግን እንደ ተጨበጠ እጅ ተኮማትሮ፥ ሁለቱ ዓሦች ከላዩ ሳይለዩ እየተንሳፈፉ አገኘናቸው። በአራተኛው ቀን ቡናማው ተመለሰ፥ ግን ሳስቶ። በሁለተኛው ሳምንት ናይትሬቱ በመመርመሪያው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለም ሰጠ። በአራተኛው ሳምንት ለስላሳው ኮራል ከግርጌው በስብሶ ሞተ፥ አውጥቼ ቀበርሁት። በስድስተኛው ሳምንት መስተዋቱ ላይ ስስ አረንጓዴ ልባጥ ወጣ። ሌላ ሰው ቢሆን ወዲያው ይጠርገው ነበር፤ እኔ ባለቤቴንና ልጄን ጠርቼ እንደ ቡቃያ አሳየኋቸው። አኔሞኑም በዚያው ሰሞን እጆቹን ዘረጋ። የቀሩት ሦስት ቀንድ አውጣዎች በመስተዋቱ ላይ የየራሳቸውን መንገድ እየጠረጉ ወጡ።

ውሃው በለማ ጊዜ ደግሞ በጥጉ የነበረው ላባ መሰል ሣር ከልኩ አለፈ። እርሱም ካውለርፓ ይባላል፤ ናይትሬት ይመጥልናል ብለው ብዙዎች በፈቃዳቸው ያኖሩታል። ባልደረባዬን በስልክ ስለ ጉዳዩ ባነሣባቸው «ታዲያ ምን ያስጨንቅሃል፥ ነቅለህ ወደ ባሕር ጣለዋ፤ ከባሕር የመጣ አይደለም?» አሉኝ። «ጋሼ፥ ከየትኛው ባሕር ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥቂት ዝም አሉና ከብዙ ዓመት በፊት ከዱባይ ገበያ በፌስታል እንደ ገዙት ነገሩኝ። ዱባይ ያለው ነጋዴ ከወዴት እንዳመጣው የሚያውቅ የለም።

ይህን የጠየቅሁት የሞናኮን ታሪክ በማስታወስ ነው። በ1910 በተከፈተው በሞናኮ የባሕር ጥናት ሙዚየም መስኮቶች ሥር፥ በ1984፥ በሜዲትራንያን ተወላጅ ያልሆነው ካውለርፓ ታክሲፎሊያ አንድ ካሬ ሜትር ያህል ስፍራ ይዞ ተገኘ። ዘሩ በጀርመን አገር በሽቱትጋርት የእንስሳት ማኖሪያ ገንዳዎች ለውበቱና ለጥንካሬው ሲራባ የኖረ፥ ከዚያም ወደ ሌሎች ገንዳዎች የተሻገረ ነው። በሙቅ ባሕር ያሉት ዘመዶቹ የማይችሉትን ብርድ ይችላል። የኒስ ዩኒቨርሲቲው ሊቅ አሌክሳንደር ሜኔስ ገና ጥቂት ሳለ ይነቀል ብለው ጮኹ። ነገሩ ግን የባለሥልጣን ክርክር ሆነ፤ ከየት መጣ፥ የማን ኃላፊነት ነው፥ በእውነት ይጎዳልን እየተባለ ደብዳቤ ሲጻጻፉ፥ የሙዚየሙ ሹማምንትም ከእኛ አልወጣም ሲሉ፥ አረሙ በመርከብ መልሕቅና በመረብ እየተጎተተ ሄደ። አንዲት ቁራጭ ከተበጠሰች እርስዋ ራስዋ አዲስ ተክል ትሆናለች። በ2000 ከስፔን እስከ ክሮኤሽያና እስከ ቱኒዝያ ድረስ የስድስት አገሮችን ዳርቻ ይዞ ነበር። ከዚያ ወዲህ በብዙ ስፍራ በራሱ ጊዜ እየሳሳ ሄዷል፤ ይህም ሲሆን መክኖ የቆየው ስፍራ ቀላል አይደለም።

በዚያው በ2000 በሰኔ ወር ይኸው ዘር በካሊፎርንያ በአጉዋ ሄድዮንዳ ሐይቅ ሰርጥ ተገኘ። እዚያ ያሉት ሹማምንት ክርክሩን ለኋላ አቆይተው በቀናት ውስጥ ሥራ ጀመሩ፤ አረሙን በጥቁር ሸራ ሸፍነው ጠርዙን በአሸዋ ከረጢት ዘግተው ከሥሩ ክሎሪን አስገቡበት። ጠላቂዎች ወለሉን ስንዝር በስንዝር እየፈተሹ እስከ 2006 ቆዩ፤ በዚያ ዓመት መጥፋቱ ተነገረ። ወጪው ከሰባት ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። በጣና ላይ እንቦጭን በእጅና በጀልባ ሲነቅሉ የከረሙ ወገኖቻችን ይህን ሂሳብ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል፤ እንቦጭም ቢሆን ወደ ብዙ የዓለም ውሆች የገባው ለአበባው ውበት ሲባል በሰው እጅ ተይዞ ነው።

ለጋሼ ይህን ሁሉ በስልክ ለማስረዳት ጊዜ ፈጀ። በመጨረሻም «እንግዲህ አደራው ካንተ ጋር ነው፥ እንደ መሰለህ አድርግ» አሉኝ። ጅቡቲ ላይ ባሕሩ ከቤቴ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ ከወደቡ ባሻገር ሙሻና ማስካሊ የሚባሉት ደሴቶች ኮራላቸውን ለብሰው ተኝተዋል። ቅዳሜ ጠዋት ከልጄ ጋር ሆነን ሣሩን ከነገመዱ ከድንጋዩ ላይ ነቀልነው፤ የተበጠሰውን ሁሉ በወንፊት ለቀምን። ያወጣነውን ውሃ በረኪና ጨምረን አንድ ሌሊት ካሳደርነው በኋላ ወደ መጸዳጃው ደፋነው። ሣሩ ሁለት ባልዲ ሞላ። በግቢያችን በቆርቆሮ ላይ አሰጣነው። የጎረቤት ፍየል መጥታ ካሸተተችው በኋላ ፊትዋን አዞረች። በሦስተኛው ቀን ልጄ ሊያገላብጠው ሄዶ በአንድ እጁ ጨብጦት መጣ፤ ሁለቱ ባልዲ ደርቆ ከአንድ እፍኝ አልበለጠም ነበር።